አንድ ድንኳን፣ አንድ ቢራ

የቢራ ማከፋፈል ሥራዬን ትቼ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ከተቀጠርኩ ጥቂት ወራት ሆኑ። በእኔ ዕድሜ ጡረታ ወጣሁ ቢባል ሰው ይስቃል። እኔ ግን ከዚያ ሥራ የወጣሁት ጡረተኛ እንደሚወጣው ነው፤ ወደ ኋላ እየዞርኩ። አሁን ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ሚስማር ፀሐይ አያበላሸውም፣ መንገድ አይንጠውም። ከእኔ የሚገዛውንም ሰው፣ እንግዳህ ማን ነው ብዬ አልጠይቀውም።

ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ነው። እኔ የምጠራው ጋሽዬ እያልኩ ነበር። ከሞተ ዓመት አልፎታል። በዚያ ሥራ ላይ የጫንኩት የመጨረሻ ጭነት ለእሱ ሙት ዓመት የሆነው ነው። ከጫንኩት ሁሉ እሱ ከበደኝ። ምን ብጭን ነው አማቱ ኦቦ ዲንሳ ድንኳናችን ውስጥ ገብተው የሚቀመጡት? ይህ ነበር ያስጨነቀኝ። ጋሽዬ በሕይወት እያለ አንድም ቀን አልተቀመጡለትም።

ይህን ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ። እጄ ጽሑፍ ብዙ አልለመደም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀጥታ መኪና ላይ ነው የወጣሁት።

ቤታችን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው። አያቶቻችን ከጎጃም መጥተው እዚህ ቀሩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ እያልን አደግን። ጋሽዬ ኦሮምኛው እንደ ውሃ ነበር። ገበያ ውስጥ "አባ ቢራ" ይሉታል፤ የቢራው ጌታ እንደማለት። ሥራ ስጀምር እሱ በአንድ ማከፋፈያ ሾፌር ነበር። አለቃው ኦቦ ገመቹ የሚናገሩትን ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እኔን ሲያዩ፣ ይህ እጅ የደብተር እንጂ የሳጥን አይደለም፣ የደብተር እንጂ የሳጥን አይደለም አሉ። ጋሽዬ፣ ደብተሩንም ቢሆን አጥብቆ አልያዘውም ብሎ አሳቃቸው። እንዲህ ሆኖ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ለምሳና ለጫማ ይበቃ ነበር። በኋላ ጋሽዬ የራሱን ያገለገለ መኪና ሲገዛ ተከትዬው ወጣሁ።

መስመራችን በአንድ በኩል እስከ አኖ፣ በሌላው ኡኬን አልፎ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጊምቢ ነበር። ለግሮሰሪዎች እናደርሳለን። የጋሽዬ ልብ ያለው ግን ድግስ ላይ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ የተማሪ ምረቃ። ሰው ቢራ ሊያዝ ሲመጣ ጋሽዬ ስንት ሳጥን ብሎ አይጀምርም። ማን ይመጣል ብሎ ነው የሚጀምረው። ሽማግሌ ይበዛል ወይስ ወጣት? የሚበላው ጥሬ ሥጋ ነው፣ ዶሮ ነው፣ አንጮቴ ነው? ግቢው ዛፍ አለው? ሰውየው እያሰበ ይመልሳል። ጋሽዬ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ቢራ ይልክለታል።

አንድ ቀን ኡኬ መንገድ ላይ፣ ያው ለምትልከው ምን ያስጠይቅሃል አልኩት።

"ሐኪምስ ቢሆን? ጠይቆ ጠይቆ ያችኑ የራስ ምታት ኪኒን አይደል እንዴ የሚያዝልህ?" አለኝ።

የቢራውን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ጠርሙሱ ቡናማ ነው። ጋሽዬ አረንጓዴ ጠርሙስ አይወድም ነበር። ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየ ቢራው እርጥብ ውሻ ይሸታል ይላል፤ እውነቱንም ነው። በእኛ አገር ድግስ ሳጥኑ የሚራገፈው ሜዳ ላይ ነው። መብራት የሄደ እንደሆነ ማቀዝቀዣ የለም። በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልተን ጠርሙሱን እንነክራለን፣ ላዩን በእርጥብ ጆንያ እንሸፍናለን። ስለዚህ ለሁሉ የሚሆነው ቢራ ሳይቀዘቅዝም የሚጠጣ መሆን አለበት።

አዲስ ዓይነት ቢራ ገበያ ላይ ሲወጣ እሑድ ከሰዓት ይፈትነዋል። ይከፍተዋል፣ በሻይ ብርጭቆ ይቀዳዋል፣ ከዚያ ትቶት ሌላ ሥራ ይሠራል። የመኪናውን ጎማ ያያል፣ እናታችን ጋ ገብቶ ያወራል። ብርጭቆው ፀሐይ እየመታው ይቆያል። እኔ እየጎመዠሁ አያለሁ። ሲመለስ አረፋው ወርዷል፣ ቢራው ለብ ብሏል። ያኔ ነው የሚቀምሰው። "ቀዝቃዛ ቢራ ሁሉ ጨዋ ነው፤ ሲሞቅ ነው ጠባዩ የሚወጣው" ይላል። በጣም መራራ ከሆነ ሴቶቹ ይተዉታል። ጣፋጭ ከሆነ ከሥጋ ጋር ያቅራል። ጋዙ ከበዛ ሽማግሌዎቹ ያገሳሉና ያፍራሉ። አልኮሉ ከጠነከረ ምሳ ሳይነሳ ጠብ ይነሳል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የቀረው ያ አንዱ ነው።

ደግሞም መንገድ አለ። የእኛ መንገድ ቢራ ይንጣል። ድግሱ ቅዳሜ ከሆነ ጋሽዬ ዓርብ ማራገፍ ይፈልጋል። ቢራ መንገደኛ ነው፣ ደርሶ ይረፍ ይላል። ደርሶ ወዲያው የተከፈተ ቢራ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ሲፈነዳ አይቻለሁ። ሳጥን ከመጫኑ በፊትም መዳፉን አስተኝቶ ይዳስሰዋል፤ እናት የልጅ ግንባር እንደምትዳስስ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አደርገው ጀመር። እስከ መጨረሻው ለምን እንደማደርገው አላወቅሁም፣ ግን አልተውኩትም።

አንድ ድንኳን አንድ ቢራ የሚለው ሕጉ የመጣው ከጊምቢ ነው። እዚያ አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ዓይነት ጭነን ሄድን፤ ደጋሹ እንዲያ ብሎ ስላዘዘ። አንዱ ለሽማግሌ፣ አንዱ ለወጣት ነበር ሐሳቡ። አስተናጋጆቹ ሲያድሉ አንዱ በሙሉ በሙሽራው ወገን፣ ሌላው በሙሽሪት ወገን ወደቀ። የሙሽሪት አጎት ተነስቶ፣ ለእኛ የተረፈውን ነው እንዴ የሰጣችሁን አለ። ሁለቱ ቢራዎች ዋጋቸው እኩል ነው። ማን ይሰማል? ተነስተው ወጡ። ስንመለስ ጋሽዬ እየነዳ፣ ሰው የሚጣላው በሚጠጣው አይደለም፣ ጎረቤቱ በሚጠጣው ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጭኖ አያውቅም።

አሁን ስለ አኖ ልናገር።

ሶሬቲን የወደዳት አኖ ስናራግፍ ነው። መምህርት ናት። ግሮሰሪው አጠገብ ካለው ሱቅ ጠመኔ ስትገዛ አገኛት። አባቷ ኦቦ ዲንሳ ከአኖ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬና የወንጌል አማኝ ናቸው። መጠጥ እቤታቸው አይገባም። ይህን ጋሽዬ ያውቃል። ቢሆንም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሆኑት አጎቴ ታፈሰ ናቸው። አጎቴ ነቀምቴ ተወልደው ነቀምቴ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ከእኔ በላይ የለም ባይ ናቸው። የሚያውቁት ግን የገበያውን ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናብ። ኦቦ ዲንሳ መልሱን በስልክ ለአጎቴ ነገሯቸው። ድምፁ ይቆራረጣል። አጎቴ ስልኩን ዘግተው፣ "እልል በሉ፣ እሺ ብለዋል። ቢራው ይድረስ ነው ያሉት" አሉን።

እናቴ እልል አለች። ጋሽዬ ግን ቆም ብሎ፣ ኦቦ ዲንሳ? ቢራ? አለ። ሶሬቲ ጋ ደወለ፣ ኔትወርክ የለም። አጎቴ ደግሞ በጆሮዬ የሰማሁትን ብለው ተቆጡ። ጋሽዬ ለራሱ መልስ አገኘ። ለዘመዶቻቸው ይሆናል፣ ሁሉም እኮ አማኝ አይደለም አለ። ሰው የሚመኘውን ነገር ሲሰማ ጆሮው አይጠራጠርም።

የጫነው ከመጋዘኑ የተመረጠውን ነው። እያንዳንዱን ሳጥን ዳሰሰ። ከአኖ ወዲያ መኪናው ጭቃው ላይ ቀረ። ሳጥኑን በትከሻችን ተሸክመን፣ ማሳ ለማሳ፣ እየተንሸራተትን ተመላለስን። ጋሽዬ አዲስ ሱሪ ለብሶ ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፣ ግን ያፏጫል። ሳጥኖቹን በኦቦ ዲንሳ በረንዳ ፊት ደረደርናቸው። ጠርሙሶቹ ይንቃጨላሉ። ውስጥ መዝሙር ይሰማል። መዝሙሩ ቆመ። ኦቦ ዲንሳ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ፤ ከኋላቸው የጸሎት ሰዎች።

ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንዳሉት ቢራው ደርሷል አለ።

ሶሬቲ በሰዎቹ መካከል ብቅ ብላ ሳጥኖቹን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የገባት እሷ ናት።

ኦቦ ዲንሳ ያሉት "ብራን ሃ ገኡ" ነው። ብራ በኦሮምኛም ያው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። ብራው ይድረስ፣ መንገዱ ይድረቅ፣ ያኔ ኑ ማለታቸው ነበር። አጎቴ "ቢራን ሃ ገኡ" ብለው ሰሙት። ቢራው ይድረስ። ልዩነቷ አንዲት አጠር ያለች "ብ" እና አንዲት ጠበቅ ያለች "ር" ናት።

"ልጄን በቢራ የምለውጥ መስዬህ ነው?" አሉ ኦቦ ዲንሳ። በአማርኛ ነው ያሉት። ለጋሽዬ ኦሮምኛ ሊያወሩለት አልፈለጉም። ያ ነው የጎዳው፤ በኋላ ነግሮኛል።

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መልሰን በዚያው ማሳ ተሸከምን። የጸሎት ሰዎቹ በረንዳው ላይ ቆመው እያዩን። ጋሽዬ አላፏጨም።

ኦቦ ዲንሳ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ብራ ሲሆን ልጃቸውን ሰጡ። አለመግባባቱን ሶሬቲ አስረድታቸዋለች፣ ሰምተዋታል። በሠርጉ ዕለት እኛ ድንኳን ድረስ መጥተው መረቁ። ከዚያ ቆመው ወጡ፣ ሳይቀመጡ። ከዚያ በኋላም ነቀምቴ ሲመጡ ልጃቸውን ደጅ ላይ ያገኟታል እንጂ ግቢ አይገቡም። እኛ ሁላችን በቢራው ቂም ይዘዋል ብለን አመንን። የግቢያችን ግማሽ መጋዘን ነው፤ እንዴት ብለው ይግቡ እንላለን። ጋሽዬ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ይደውልላቸው ነበር። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ኩላሊት ነው። አዲስ አበባ ተመላለስን። የመጨረሻ ሰሞን መጠጣትም መብላትም አቁሞ፣ ዛሬ ምን ጫንክ ይለኛል። የት፣ ለማን፣ ጥላ አለው ወይ። እነግረዋለሁ። አንድ ቀን መጠየቁን አቆመ።

ዓመቱን ብቻዬን ሠራሁ። የእሱን ስልክ እኔ ነበርኩ የምይዘው። ሰው ደውሎ፣ አባ ቢራ፣ አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ይላል። እኔ ወንድሙ ነኝ እላለሁ። እሱስ ይላል። ያረፈ መሆኑን መንገር ያቅተኝና ዛሬ የለም እላለሁ። ዛሬ የለም። ጥያቄዎቹን እንደሱ እጠይቃለሁ፣ ያንኑ ቢራ እልካለሁ። ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ቀልዱ የለኝም። ከድግስ ስመለስ ጋቢናው ውስጥ የሚያወራ የለም። ያኔ ገባኝ ይህ ሥራ የሁለት ሰው እንደነበር።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ እናቴ ጠላ ልጥመቅ አለች። የግሮሰሪ ጓደኞቹ የሱን ቢራ ካላመጣህ አንመጣም አሉ። እኔም ሌላ አላሰብኩም ነበር፤ የሱ ድንኳን፣ የሱ ቢራ። ኦቦ ዲንሳ እንደሚመጡ ሶሬቲ ነገረችን። ለአባቷና ለዘመዶቿ ለስላሳ ለብቻ እንጭናለን አልኳት። ደግ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

ሶሬቲ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች።

"አባቴ የሠርጉ ዕለት ለምን ሳይቀመጥ እንደወጣ ታውቃለህ?" አለችኝ። "አስተናጋጁ ከድንኳኑ ጫፍ፣ ለጴንጤዎቹ ለስላሳ አምጡ ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየው። በቢራውማ ያኔውኑ ስቆበታል፤ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቼዋለሁ።"

ጋሽዬ ያውቅ ነበር ወይ አልኳት። ነግሬው አላውቅም፣ በገዛ ሠርጉ እንዳያዝን ብዬ አለች።

መጋዘን ገብቼ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽዬ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቢራ ሲፈልግ ኖረ። ለጊምቢ አገኘ፣ ለኡኬ አገኘ። በራሱ ድንኳን ያ ቢራ አልበቃም። አንድ ቢራ ብለን ሁለት ዓይነት ነበር የምንጭነው፤ ለስላሳውን ስለማንቆጥረው ነው። ይህን ብነግረው ምን ይል ነበር? ልነግረው ፈለግሁ። እስከዛሬ ያላወቀው አንድ የሥራ ነገር እኔ ደርሼበታለሁ፣ የምነግረው ግን የለም።

መጋዘኑ ጥግ ላይ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ነበረን። ቡናማ ጠርሙስ ነው፣ አረፋም አለው፣ ሳጥኑም ያው ነው። ጋሽዬ ያን መጠጥ እያሳዘነው ነበር የሚጭነው፤ ያላለው ነገር የለም። አንዱን ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ትቼው ወጣሁ፣ ከሞቀ በኋላ መጥቼ ቀመስኩት። ጠባዩ ክፉ አልነበረም። ይህን ብቻ እጭናለሁ አልኩ፤ ለቄሱም፣ ለግሮሰሪዎቹም፣ ለአማቱም።

እናቴ በመጀመሪያ ጮኸችብኝ። የቢራ ነጋዴ ሙት ዓመት በሕፃን መጠጥ፣ አገር ምን ይለናል አለች። ምክንያቱን ነገርኳት። ያ ሰው ቢቀመጥለት ልጄ ደስ ይለው ነበር አለች። ጌሾውን መልሳ ቋጠረችው።

በዕለቱ ሁሉ ሰው ወዶት ነበር ብዬ አልዋሽም። አጎቴ ታፈሰ አንዴ ተጎንጭተው፣ ይህ ነገር ገና አልደረሰም እንዴ አሉ። የጋሽዬ ጓደኞች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ስልክ ላውራ እያሉ ወደ ጎረቤት ግሮሰሪ ይወጣሉ፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እንዳላየ ሆንኩ።

ኦቦ ዲንሳ ከምሳ በፊት መጡ። አርጅተዋል። መሐል ላይ ቆመው ጸለዩ። አሜን አልን። ሊወጡ ፊታቸውን ሲያዞሩ አስተናጋጇ ጠርሙስ ይዛ ደረሰች። እጃቸውን አነሱ፣ አይሆንም ሊሉ። ከዚያ ግራና ቀኝ አዩ። ቄሱ እጅ ላይ ያለው ያው ነው። አጎቴ እጅ ላይ ያለው ያው ነው። ጠርሙሱን ተቀብለው ወረቀቱን በቀስታ አነበቡ። ምርኩዛቸውን ጥለው ተቀመጡ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። "እሱ ቢሆን ይህን ያመጣ ነበር?"

"አያመጣም፣ አባባ።"

"ምን ይል ነበር?"

እዚያ ላይ ቄስ አለ፣ የጸሎት ሰው አለ። አመነታሁ። "ቢራን በሕልሙ ያየ ውሃ ነው ይላል" አልኳቸው።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እኔ ይህን ሰው አላውቀውም" አሉ። "የልጄ ባል ነው። ሲቀልድ አልሰማሁትም። እንዴት አድርጎ ነው የሚለው? እንደሱ አድርገህ በለው።"

እንደሱ አልኩት። አንገቴን ወደ ግራ ጣል አድርጌ፣ ከንፈሬን ሞጥሙጬ፣ "ውሃ" የሚለው ላይ ድምፄን ወፍራም አድርጌ ጎተትኩት፤ እሱ እንደሚያደርገው።

እናቴ ከድንኳኑ ወዲያ ጫፍ ወጥ ታወጣ ነበር። ጭልፋውን እንደያዘች ዞረች። ቶሎ ነው የዞረችው፣ ስሙን የጠሩት ሰው እንደሚዞር። እኔን አየችኝ። ከኋላዬም ትንሽ ፈለገች። ከዚያ ወደ ድስቱ ተመለሰች።